የልጣጭና የቅመም ሻይ፦ ከሙከራ ቱቦ እስከ ደም ሥር

ጥያቄ፦ «የብርቱካንና የሮማን ልጣጭ አድርቄ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከዝንጅብል ጋር አፈላና በቀን አራት ኩባያ እጠጣለሁ። ቀረፋው የተፈጨ ነው፤ ለአንድ ማንቆርቆሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ እጨምራለሁ፤ ማንቆርቆሪያውን በአንድ ቀን ብቻዬን እጨርሰዋለሁ፤ ሳላጠልለውም ነው የምጠጣው። እንዲህ ዓይነት ሻይ የያዘ ማሸጊያ ላይ አንቲኦክሲዳንቱ ከአረንጓዴ ሻይ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ተጽፎ አነበብኩ። እውነት ነው? ማፍላቱስ ጥቅሙን አያጠፋውም? ፍራፍሬ ሳልበላ ስውል ሻዩ ይተካልኛል? ለማንኛውም የኮሌስትሮል መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የደም ማነስ ስላለብኝም የአይረን እንክብል ታዞልኛል፤ ሻዩን የምጠጣው ምሳና እራት እንደበላሁ ነው።»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ «ለማንኛውም» ብለው መጨረሻ ላይ ያነሱት ነው። እሱን ለመመለስ ግን በመጀመሪያ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ነገር ከየት እንደመጣ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም አንቲኦክሲዳንት (ፍሪ ራዲካል የሚባሉትን፣ ሴሎችን ሊጎዱ የሚችሉ ሞለኪውሎች ያመክናል የሚባል ንጥረ ነገር) የሚለው ቃል በቤተ ሙከራ የሚይዘው ትርጉምና ጠጪው በልቡ የሚሰጠው ትርጉም የተለያዩ ናቸው፤ የደም ማነስዎ ጉዳይም ከዚሁ ልዩነት ጋር የተሳሰረ ነው።

በማሸጊያዎች ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ከሚወጡባቸው ልኬቶች አንዱ ዲፒፒኤች ይባላል። ዲፒፒኤች በሜታኖል ሲሟሟ ጥልቅ የወይን ጠጅ ቀለም የሚይዝ ዱቄት ሲሆን፣ ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን የተሸከመ፣ ማለትም ራሱ ፍሪ ራዲካል የሆነ ኬሚካል ነው፤ ከሌሎቹ ፍሪ ራዲካሎች የሚለየው በቅጽበት የማይጠፋና በጠርሙስ ተቀምጦ የሚቆይ መሆኑ ነው። የሚፈተነው የዕፅዋት ጭማቂ ሲጨመርበት፣ ጭማቂው ሃይድሮጂን ወይም ኤሌክትሮን የሚሰጥ ንጥረ ነገር ካለው ቀለሙ እየገረጣ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ የገረጣው መጠን 517 ናኖሜትር በሆነ የብርሃን ሞገድ ተለክቶ በቁጥር ይገለጻል። ይህን ሙከራ ለተማሪዎች ሳሳይ ዘወትር የምመርጠው ቅርንፉድን ነው። ጥቂት ጠብታ እንደገባ ወይን ጠጁ ይገፈፋል፤ ቱቦውን የያዘው ተማሪም ዓይኑ እያየ መድኃኒት የተገኘ ይመስለዋል። ሆኖም ቱቦው ውስጥ ጨጓራ፣ አንጀትና ጉበት የሉም፤ ዲፒፒኤች ራሱም በሰው አካል ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ፣ ለልኬት ብቻ የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ኬሚካል ነው።

«በብዙ እጥፍ» የሚለው አባባል ደግሞ ንጽጽሩ በምን መጠን እንደተደረገ ካልተነገረ ትርጉም የለውም። ደረቅ ቅርንፉድ በክብደት ሲነጻጸር እስካሁን ከተለኩት የምግብ ዓይነቶች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ይህ የማያከራክር ነው። ነገር ግን መቶ ግራም ቅርንፉድ በአንድ ቀን የሚጠጣ ሰው የለም። ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ከግራም ሩብ እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ላይ በቤተ ሙከራ የልጣጩ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፈዘፈው በሜታኖል ወይም በኤታኖል ነው፤ እነዚህ ፈሳሾች ተራ ውኃ የማያወጣውን ብዙ ነገር ያወጣሉ። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የሚናገረው ግን በአልኮል ስለተዘፈዘፈ ደረቅ ዱቄት እንጂ እርስዎ ስለሚጠጡት ኩባያ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኦራክ በተባለው ሌላ ልኬት የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት አቅም ዘርዝሮ ያቀርብበት የነበረውን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ያነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሮቹ በሰው አካል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚያስረዱት ነገር እንደሌለና በምርት ሻጮች ዘንድ ያለ አግባብ እየተጠቀሱ መሆኑን ገልጿል።

ወደ ሰውነት እንግባ። በልጣጭና በቅመም ውስጥ ያሉት ዋነኞቹ አንቲኦክሲዳንቶች ፖሊፊኖል የሚባሉት ናቸው። ሰውነታችን ፖሊፊኖልን የሚቀበለው እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ ባዕድ ነገር ነው፤ ከአንጀት የሚያልፈው ጥቂቱ ነው፤ ያለፈውንም የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ከሌላ ሞለኪውል ጋር አቆራኝተው በሽንትና በሐሞት እንዲወገድ ያደርጉታል። በፖሊፊኖል የበለጸገ ምግብ ከተበላ በኋላ በደም ውስጥ የሚገኘው የእያንዳንዱ ፖሊፊኖል መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከአንድ ማይክሮሞል አይበልጥም፤ እሱም በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። በሌላ በኩል ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውና ፍሪ ራዲካልን የማምከን አቅም ያለው ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በሊትር ከ200 እስከ 400 ማይክሮሞል ይገኛል። አንድ ኩባያ ሻይ በዚህ ላይ የሚጨምረው፣ በሞላ በርሜል ላይ አንድ ጭልፋ ውኃ ከማከል አይተናነስም።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልጥቀስ፤ በሙያችን ብዙዎችን ያሳፈረ ጥናት ስለሆነ እወደዋለሁ። ጤናማ ሰዎች አምስት አምስት አፕል ከነልጣጩ እንዲበሉ ተደርጎ ደማቸው ሲለካ አንቲኦክሲዳንት አቅሙ ከፍ ብሎ ተገኘ። የአፕሉ ፖሊፊኖል ሠራ ተብሎ እንዳይደመደም ግን ተመራማሪዎቹ በአፕሉ ውስጥ ያለውን ያህል የፍራፍሬ ስኳር (ፍሩክቶስ) ብቻ በውኃ በጥብጠው በሌላ ጊዜ አጠጧቸው፤ ደማቸው ያው ለውጥ አሳየ። ጉበት ፍሩክቶስን ሲያቃጥል ዩሪክ አሲድ ስለሚጨምር የታየው ለውጥ ከዚያ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ይህ ሥራ «ከጠጣ በኋላ የደሙ አንቲኦክሲዳንት ጨመረ» የሚል ዜና ባነበብን ቁጥር ልናስታውሰው የሚገባ ነው።

ከዚህ በመነሣት ፖሊፊኖል ምንም አይሠራም ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሆናል። አንጀት ያልመጠጠው ክፍል ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ የባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። የሮማን ልጣጭ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ፑኒካላጂን የሚባለውን ትልቅ ታኒን (አፍን የሚያደርቅ የፖሊፊኖል ዓይነት) ባክቴሪያዎች ሰባብረው ዩሮሊቲን ወደሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች ይለውጡታል፤ ደም ውስጥ የሚገቡትም እነዚህ ናቸው። ይህን ለውጥ የሚያካሂዱት ባክቴሪያዎች በሁሉም ሰው አንጀት ውስጥ ስለማይገኙ ሁለት ሰዎች ከአንድ ማንቆርቆሪያ ቀድተው ቢጠጡም አንዱ ዩሮሊቲን ሲያገኝ ሌላው ላያገኝ ይችላል። በተጨማሪም አንዳንድ ፖሊፊኖሎች ፍሪ ራዲካልን በቀጥታ ከማምከን ይልቅ ሴሎችን በመጠኑ ቆንጥጠው የራሳቸውን የመከላከያ ኢንዛይሞች እንዲያመርቱ የሚያነሣሡ ይመስላሉ። ይህ ተስፋ ያለው የምርምር መስክ ነው፤ ማስረጃው ግን በአመዛኙ ከሴልና ከአይጥ ሙከራ የመጣ ሲሆን፣ የተሰጠውም መጠን ከኩባያ የሚገኝ አይደለም።

«ብዙ አንቲኦክሲዳንት፣ ብዙ ጤና» የሚለው እምነት በትልልቅ ሙከራዎች ተፈትኖ መውደቁንም መናገር ግዴታ ነው። በፊንላንድ 29,133 አጫሾች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነ ሙከራ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ወንዶች ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ የበለጠ በሳንባ ካንሰር መያዛቸውን አሳየ። ቫይታሚን ኢ በቀን 400 ዩኒት የወሰዱ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ መጨመሩን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሌላ ሙከራ ውጤት አሳየ። እነዚህ የተጣሩ እንክብሎች እንጂ ሻይ አይደሉም፤ ሻይዎ ካንሰር ያመጣል እያልኩም አይደለም። ፍሪ ራዲካልም እንዲሁ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያን የሚገድለው በእሱ ነው፤ የሚሠራ ጡንቻም ራሱን የሚያጠነክረው ከእሱ በሚያገኘው ምልክት ነው።

ማፍላት ጥቅሙን ያጠፋል ወይ ላሉት፣ መልሱ እንደ ንጥረ ነገሩ ይለያያል። ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በአየር ይጎዳል፤ በደረቀና በተቀቀለ ልጣጭ ውስጥ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ይህን ሻይ የቫይታሚን ሲ ምንጭ አድርገው አይቁጠሩት። ፖሊፊኖሎች ግን በአብዛኛው ለአጭር ጊዜ መፍላት ይበገራሉ፤ እንዲያውም ጠንካራው ልጣጭና ቅርፊት ሙቀት ካላገኘ የያዘውን አይለቅም። የሮማን ልጣጭ ታኒን በሙቅ ውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ኩባያው ውስጥ ምላስን የሚያደርቀውና ድድን የሚሰበስበው ጣዕም እሱ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በነጩ ስፖንጅ መሰል ክፍል ውስጥ በብዛት ያለው ሄስፐሪዲን በውኃ የመሟሟት ችሎታው እጅግ ደካማ ነው፤ ስለዚህ «የብርቱካን ልጣጭ በሄስፐሪዲን የበለጸገ ነው» የሚለው እውነት ቢሆንም፣ አብዛኛው ሄስፐሪዲን ማጥለያው ላይ ከሚቀረው ልጣጭ ጋር ተመልሶ ይጣላል። ሽታው ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ ሊሞኒን ከሆነው ዘይት የሚመጣ ነው፤ ይህ ዘይት ከእንፋሎት ጋር ይበራል። ወጥ ቤቱ ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን የሸተተ ዕለት ኩባያው ውስጥ የቀረው ትንሽ ነው ማለት ነው። በዝንጅብል ውስጥ ያለው ጂንጀሮል ደግሞ በመድረቅና በመፍላት ሾጋኦል ወደሚባል ይበልጥ የሚያቃጥል ውህድ ስለሚለወጥ፣ ደረቅ ዝንጅብል ጉሮሮ ላይ ከእርጥቡ የበለጠ የሚፋጀው በዚህ ምክንያት ነው። እርድ የሚጨምሩ ሰዎችም አሉ፤ በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ግን በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ውኃውን ቢጫ ያደረገው ተንሳፋፊ ብናኝ ነው።

ስለዚህ የተሻለው አፈላል ጠንካራዎቹን መጀመሪያ፣ ሽታ ያላቸውን መጨረሻ ማድረግ ነው። ለግማሽ ሊትር ውኃ አንድ ስባሪ የቀረፋ ቅርፊት፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ሁለት ሦስት ስስ የዝንጅብል ቁራጭ፣ የደም ማነስ ለሌለበት ሰው ከሆነም አውራ ጣት ጥፍር የምታህል የሮማን ልጣጭ ጨምረው፣ ተከድኖ በዝግታ ለአሥር ደቂቃ ያህል እንዲንተከተክ ያድርጉ። ከዚያ እሳቱን አጥፍተው የብርቱካኑን ልጣጭ፣ ሄል ካለዎትም እሱን ጨምረው መልሰው ይክደኑት፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ያጥልሉት። መክደኛውን ሲያነሡ ከውስጡ የሚንጠባጠበውን ውኃ አይድፉት፤ መልሰው ወደ ማንቆርቆሪያው ያንጠባጥቡት፤ ሽታ ተሸክሞ የወጣው ዘይት እዚያ ላይ ነው። ሻዩን ግን እንደፈላ አይጠጡት፤ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚጠጣ ማናቸውንም ትኩስ መጠጥ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር የማምጣት ዕድል አላቸው ከተባሉት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል።

ፍራፍሬን ይተካል ወይ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ አይተካም። ማጥለያው ላይ የቀረው ነገር ፋይበርና ፔክቲን ነው፤ የፍራፍሬ ዋነኛው ጥቅም የሚገኘውም እዚያው ነው። አፕል የሚበሉ ከሆነ ከነልጣጩ ይብሉት፤ ልጣጩን ለሻይ ልጠው ሥጋውን ብቻ መብላት ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ደም ማነስዎ። ፖሊፊኖል በቱቦ ውስጥ አንቲኦክሲዳንት ከሚሆንባቸው መንገዶች አንዱ አይረንን አጥብቆ መያዙ ነው። ነፃ አይረን ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ እጅግ አጥፊ የሆነ ፍሪ ራዲካል ስለሚፈጥር፣ አይረኑን ማሰር በልኬቱ ላይ እንደ ጥሩ ነገር ይቆጠራል። ሆኖም ያው ሞለኪውል ጨጓራዎ ውስጥ ከምሳዎ የመጣውን አይረን ሲያገኝ ያንኑ ያደርጋል፤ አስሮ ይዞት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ አንድ ጥናት ከዳቦ ጋር የተጠጡ ልዩ ልዩ ሻዮች ተፈትነው፣ በአንድ ኩባያ ከ20 እስከ 50 ሚሊግራም ፖሊፊኖል ያላቸው መጠጦች አይረን ወደ ደም መግባቱን ከ50 እስከ 70 በመቶ፣ ከ100 እስከ 400 ሚሊግራም ያላቸው ደግሞ ከ60 እስከ 90 በመቶ ቀንሰውታል። ከተፈተኑት መካከል ጥቁር ሻይ ብቻ ሳይሆን «ቀላል» የሚባሉ የዕፅዋት ሻዮችም ነበሩ። የሮማን ልጣጭ እጅግ ታኒናማ ከሆኑት ልጣጮች አንዱ ስለሆነ፣ የእርስዎ ሻይ በዚህ በኩል ደካማ ነው ብዬ የምገምትበት ምክንያት የለም። ይህ የሚነካው ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘውን አይረን ሲሆን ከሥጋ የሚገኘውን ብዙም አይጎዳውም፤ የታዘዘልዎት እንክብል ግን ከሚጎዱት ወገን ነው። በሌላ አነጋገር ምሳና እራት እንደበሉ የሚጠጡት ሻይ፣ ለደም ማነስዎ የሚወስዱትን ሕክምና ከሥር ከሥር እየሸረሸረው ሊሆን ይችላል፤ ሻዩ ጠንካራ በሆነ መጠን ደግሞ ጉዳቱም ይጠነክራል። በማሸጊያው ላይ እንደ ሙገሳ የተጻፈው ቁጥር ለእርስዎ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛው ቀረፋው ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ካሲያ የሚባለው ቀረፋ ኩማሪን የተባለ፣ በአንዳንድ ሰዎች ጉበትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በየቀኑ ቢወሰድ ችግር የለውም ያለው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊግራም መሆኑ ነው። የካሲያ ዱቄት መጠኑ ከቅርፊት ቅርፊት በጣም ቢለያይም በአማካይ በግራም 3 ሚሊግራም ያህል ኩማሪን ይኖረዋል። አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ስለሚመዝን፣ ሳያጠልሉ ከነአተላው ሲጠጡት በየቀኑ ከሰባት ሚሊግራም በላይ ይደርስዎታል ማለት ነው። ለጥቂት ቀን ከልክ ማለፍ የሚያሳስብ ነገር አይደለም፤ ለወራት ሲሆን ግን ተገቢ አይደለም፤ በተለይም የኮሌስትሮል መድኃኒት ራሱ የጉበት ምርመራ ሊያስፈልገው ስለሚችል። ሲሎን የሚባለው ቀረፋ ኩማሪኑ ኢምንት ነው። ዱቄት ከሆኑ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ቅርፊቱን ሲያዩ ግን ካሲያ ወፍራም፣ ጠንካራና አንድ ሽፋን ብቻ ሆኖ የተጠቀለለ ሲሆን፣ ሲሎን እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ሽፋኖች ተደራርበው የተጠቀለሉበትና በጣት ሲጫኑት የሚፈረካከስ ነው።

ሦስተኛው የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ነው። ስሙን አልጻፉልኝም፤ ስሙ ግን ወሳኝ ነው። ግሬፕ ፍሩት፣ ፖሜሎና መራራው ብርቱካን ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች ስላሏቸው፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ሆኖ ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰብረውን ኢንዛይም ከሥራ ውጭ ያደርጉታል፤ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን የተባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው። ያልተሰበረው መድኃኒት በደም ውስጥ ይከማችና ጡንቻን እስከመጉዳት ሊደርስ ይችላል። ይህ የታወቀው በአጋጣሚ ነው፤ የካናዳ ተመራማሪዎች ፌሎዲፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲፈትኑ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ ተጠቅመው ነበር፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከተጠበቀው በላይ ሲያሻቅብ ግራ ገባቸው፤ ምክንያቱ አልኮሉ ሳይሆን ጭማቂው ሆኖ ተገኘ። የኢንዛይሙ መዳከም ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ መድኃኒቱን ጠዋት ሻዩን ማታ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም። ተራው ጣፋጭ ብርቱካንና መንደሪን ግን ይህ ችግር የለባቸውም ለማለት በሚያስችል ደረጃ ፉራኖኩማሪናቸው ጥቂት ነው። ችግሩ «የሲትረስ ልጣጭ» ተብሎ ተቀላቅሎ የሚሸጠው ነው፤ የማን ልጣጭ እንደሆነ አይታወቅምና ይተዉት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰውም ይህን መሰል ሻይ በብዛትና በየቀኑ ከመጠጣቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

ልጣጩን የሚያገኙበትም መንገድ ግምት ውስጥ ይግባ። ለረጅም ጊዜ እንዲቆዩ የሚታከሙ ብርቱካኖች ላይ ኢማዛሊልና ታያቤንዳዞልን የመሰሉ ፀረ ፈንገሶች ይረጫሉ፤ የሚከማቹትም ከሥጋው ይልቅ በልጣጩ ውስጥ ነው፤ ላዩም ሰም ይቀባል። ለብ ባለ ውኃ በብሩሽ ማሸት ላዩ ላይ ያለውን ይቀንሳል እንጂ ወደ ውስጥ የዘለቀውን አያወጣም። ስለዚህ ከተሰበሰበ በኋላ ያልታከመ ፍሬ ማግኘት ከቻሉ ለሻይ የሚሆነው እሱ ነው። ሲያደርቁ በስሱ ይቁረጡት፤ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ባለውና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ሲጎብጥ ሳይሆን ሲቀጭ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ይድረቅ፤ በደንብ በሚከደን ዕቃ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አንድ ቁራጭ ላይ እንኳ ሻጋታ ካዩ ሁሉንም ይጣሉ። የሻጋታ መርዝ ከሚታየው ነጠብጣብ አልፎ ይዛመታል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። ቅመሙን ሳይፈጭ መግዛትም ሌላ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በአፕልና በቀረፋ የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ ብረት የተገኘው በተፈጨው ቀረፋ ምክንያት ነበር፤ ባዕድ ነገር የሚቀላቀለው ዱቄት ላይ ነውና። የቅርንፉድ ወይም የብርቱካን ዘይት በጠብታ ሻይ ውስጥ መጨመርን ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የቅርንፉድ ዘይት ለሕፃን ሕይወት አስጊ ነው።

ለእርስዎ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ሻዩን አይተዉት፤ አራቱን ኩባያ ግን ወደ ሁለት ያውርዱት። ሁለቱም በምግብ መካከል ይሁኑ፤ ከበሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከአይረን እንክብሉም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቁ። ምሳ ላይ አንድ ነገር መጠጣት ካስፈለገዎ ውኃ ይጠጡ፤ ወይም አንድ ብርቱካን ይብሉ፤ ቫይታሚን ሲው አይረኑ እንዲገባ ያግዛል። የሮማኑን ልጣጭ የደም ማነስዎ እስኪስተካከል ድረስ ከማንቆርቆሪያው ያውጡት፤ ከሁሉም በላይ አይረን የሚያስረው እሱ ነው። የቀረፋውን ዱቄት በቅርፊት ይተኩ፤ ሲሎን ካገኙ ሲሎን ይሁን፤ አተላውንም አይጠጡ። ስኳር የሚጨምሩ ከሆነ ይቀንሱ። ያለፉትን ወራት እንክብሉን እየወሰዱ የደምዎ ቁጥር አልነሣ ብሎ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ መጠኑን ከመጨመሩ ወይም ሌላ ምርመራ ከማዘዙ በፊት ሻዩን መቼና ምን ያህል ይጠጡ እንደነበር ይንገሩት፤ የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።